የእንቁራሪት ዳሌ

ለዶሮ ወጥ አሥራ ሁለቱን ብልት ስታወጣ የኖረች ባለሙያ፣ ዓይኗን ጨፍና አንድ አጥንት ብትዳስስ የየትኛው ብልት እንደሆነ አይጠፋትም። ከቅሪተ አካል የእንቁራሪት ዝርያ የሚለዩ ተመራማሪዎችም ሙያቸው ይኸው ነው። አጥንቷ ግን ጥቂት ሚሊሜትር ናት፤ ባለቤቷም ከሞተች ሚሊዮን ዓመታት አልፈዋል።

የዛፍ እንቁራሪት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው መስታወት ላይ ልጥፍ የሚለው ክቡ የጣት ጫፍ ነው። «ታዲያ ጣቷን ማየት ነዋ!» ይላል። ጣቷ ግን ይበሰብሳል። የመጨረሻዎቹን ሁለት የጣት አጥንቶች የምታገናኘው ተጨማሪ አካልም ልም አጥንት ስለሆነች አብራ ትሄዳለች። የራስ ቅሏ ስስ ነው፤ ይፈረካከሳል። ስሟም ቢሆን አያስተማምንም፤ ከአውስትራሊያ የዛፍ እንቁራሪቶች መካከል ዛፍ የማይወጡ፣ ይባስ ብለው አፈር ቆፍረው የሚደበቁ አሉ።

ብዙ ጊዜ የሚተርፈው የዳሌ አጥንት ነው። የእንቁራሪት ዳሌ እንደ ሰው ሰፊ አይደለም፤ በግራና በቀኝ እንደ ማንኪያ እጀታ ወደ ፊት ተስቦ ከአከርካሪ ጋር ይገናኛል። በወፍራሙ ጫፍ የጭን አጥንት ራስ የሚሽከረከርበት ጎድጓዳ አለ፤ ከእሱ ከፍ ብሎ ደግሞ የእግር ጡንቻ የሚጣበቅበት ትንሽ ጉብታ። ክርክሩ ሁሉ እዚህች ጉብታ ላይ ነው፦ ክብ ናት ወይስ ሞላላ? ከጎድጓዳው ፊት ናት ወይስ ልክ ከበላዩ? እጀታውም ይመሰክራል። በአንዳንድ የእንቁራሪት ወገኖች ጀርባው ላይ እንደ ቢላዋ ስለት የቆመ ሸንተረር አለው፤ በአውስትራሊያዎቹ የዛፍ እንቁራሪቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ ልሙጥ ነው።

ይህን የአጥንት ንባብ ለአውስትራሊያ እንቁራሪቶች መልክ ያስያዘው የእንቁራሪት ተመራማሪው ማይክል ታይለር ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የሕያዋኑን ዳሌ እርስ በርስ አነጻጽሮ፣ ከደቡብ አውስትራሊያ ለተገኘ አንድ የጠፋ ወገን ስም አወጣ።

ችኩሎች ግን መወቀስ አለባቸው። የአንድ ዝርያ እንቁራሪቶች እንኳ በዕድሜ ዳሌያቸው ይለያያል፤ አንድ ስባሪ ይዞ «አዲስ ዝርያ!» ማለት ድፍረት ነው። ዓይነ ሰፊ ወንፊት ይዞ የሚቆፍረውም እንቁራሪቶቹን ከአፈሩ ጋር ይደፋቸዋል።

ተመራማሪው ሮይ ፋርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2025 የሠሩት ሥራ የጥንቃቄ ምሳሌ ነው። ከኩዊንስላንድ፣ ከመርጎን የተገኘውን የ55 ሚሊዮን ዓመት ዳሌ ከሕያዋን ዝርያዎች ጋር አመሳከሩ። ድሮ ለዚህ ሥጋው መገፈፍ ነበረበት፤ እነሱ ግን በሙዚየም አልኮል ውስጥ የተቀመጡትን እንቁራሪቶች ሳይነኩ በሲቲ ስካን አዩ። ዳሌዋ የዛፍ እንቁራሪት ሆና ተገኘች፤ ከዚያ በፊት በአውስትራሊያ የታወቀው እጅግ ጥንታዊ የዛፍ እንቁራሪት ዕድሜው 26 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነበር። የዘረመል ስሌትም የአውስትራሊያ የዛፍ እንቁራሪቶች ከደቡብ አሜሪካ ዘመዶቻቸው የተለዩት ከ33 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው ይል ነበር። ዳሌዋ የመለያየቱን ዘመን ወደ ኋላ ገፋችው፤ በእሷ ዘመን አውስትራሊያ በአንታርክቲካ በኩል ከደቡብ አሜሪካ ጋር ገና አልተለያየችም ነበር።

የእንቁራሪቷ ስም ሊቶሪያ ታይለርአንቲኳ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ላረፈው ለታይለር መታሰቢያ። ቀለሟን የሚናገር አጥንት ግን የለም፤ አረንጓዴ አድርገው የሚስሏት ሰዓሊዎች ከየት እንዳመጡት እነሱው ያውቃሉ።