«ስልኩን ለእናትሽ ስጪልኝ»

ኢንቦክሴን ስከፍት በብዛት የማገኘው እንዲህ የሚል ነው፦ «ዶክተርዬ፣ ፎቶ ልኬልሃለሁ፣ እየውና መድኃኒት ጻፍልኝ።» ፎቶው ማታ በአምፖል የተነሳ፣ ደብዛዛ፣ አንዳንዴም በፊልተር ያማረ ነው። ዛሬ የማወራው ግን ስለ እናንተ ፎቶ ሳይሆን ስለ እኛ ስለ ሐኪሞቹ ነው። በስልክ ማከምን ማንም አላስተማረንም።

እውነቴን ነው። ሕክምና ስንማር ምርመራ ማለት ማየት፣ መዳሰስ፣ በጣት መታ መታ ማድረግ እና ማዳመጥ ነበር። ተራ የስልክ ጥሪ ላይ አራቱም የሉም። ቪዲዮ ከሆነ ማየቱ ይኖራል፣ እሱም ኔትወርክ ከፈቀደ።

ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት አንዲት የማውቃት ልጅ ከዱባይ ደወለችልኝ። አዲስ አበባ ያሉት እናቷ ጨጓራቸው ተነስቶባቸዋል። ስኳር አለባቸው። ጨጓራ ድሮም ነበረባቸው? አዎ። ያቅለሸልሻቸዋል? አዎ። ኦሜፕራዞል እንዲወስዱ፣ ነገ ካልተሻላቸው ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ ነግሬያት ዘጋሁ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። በማግስቱ ሆስፒታል ሲወሰዱ የተገኘው ሃርት አታክ ነበር። ተርፈዋል፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ስኳር ያለበት ሰው ሃርት አታክ ሲይዘው ደረቱን ላያመው ይችላል። የላይኛው ሆድ ማቃጠል፣ ማቅለሽለሽ፣ ላብ፣ ድካም ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህንን አውቀው ነበር፤ ፈተና ላይ መልሼዋለሁ። እናትየው ፊቴ ቢቀመጡ ኖሮ ላባቸውን አይ ነበር። በስልክ ግን ስላላየሁት አልጠየቅኩም። ደግሞስ ያነጋገርኩት ማንን ነው? ዱባይ ያለችውን ልጅ እንጂ ታማሚዋን አይደለም። «ስልኩን ለእናትሽ ስጪልኝ»፣ ወይም «እሳቸው ጋ ልደውል» ማለት አልመጣልኝም።

አሁን ኢንተርኖችን ሳገኝ አንድ ልምምድ አሠራቸዋለሁ። «የስልክ ትውልድ ናቸው፣ ምን ማስተማር ያስፈልጋል?» የሚል ሰው አለ። በስልክ መፍጠን እና በስልክ ማከም የተለያዩ መሆናቸውን ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

ሁለት ወንበር ጀርባ ለጀርባ አደርጋለሁ። አንዱ ሐኪም፣ ሌላዋ የስምንት ወር ሕፃን ያላት እናት ትሆናለች። «ዶክተር፣ ልጄን ሳል ይዞታል።» በቅርቡ የተቀመጠው ልጅ ጎበዝ ተማሪ ነው። መቼ ጀመረው፣ ትኩሳት አለው፣ ክትባት ወስዷል፣ ሁሉንም በጥድፊያ ጠየቀና የሽሮፕ ስም ነግሯት ጨረሰ። ከዚያ ልጅቷ ወረቀቷ ላይ የተጻፈላትን አነበበችለት፦ ሕፃኑ ከጠዋት ጀምሮ ጡት አልያዘም። ክፍሉ ጸጥ አለ። «መች ነገረችኝ?» አለ። አልጠየቅካትማ!

ስለ ሕፃን ሲደወል መጀመሪያ የሚጠየቀው አደገኛ ምልክት ነው። ይጠባል ወይ? የወሰደውን ሁሉ ያስመልሰዋል? አንቀጥቅጦታል? ፈዟል፣ ለመንቃትስ ይቸገራል? አንዱ እንኳ ካለ ቀጥታ ወደ ጤና ተቋም፤ ሌላው ጥያቄ እዚያ ይደርሳል።

ከሌለ ደግሞ ትንፋሽ እንቆጥራለን። አዎ፣ በስልክ ይቻላል። ልጁ ጸጥ ሲል እናት ልብሱን ገልጣ፣ ስልኩን ላውድ ላይ አድርጋ፣ ሆዱ ከፍ ባለ ቁጥር «እ» ትላለች፤ ሐኪሙ ሰዓት ይዞ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆጥራል። ከ2 ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ አንድ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ትንፋሹ ፈጣን ነውና ልጁ በአካል መታየት አለበት። የደረቱ የታችኛው ክፍል ሲተነፍስ ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ ከሆነ ቁጥሩን እንኳ አትጠብቁ። ተማሪዎቹ ግን አንድ ደቂቃ ዝም ብሎ መስማት እንዴት እንደሚከብዳቸው ብታዩ! ሠላሳ ሰከንድ ላይ «በሁለት እናባዛውና ይለቅ» የሚል አይጠፋም።

ሌላው «አሁን የት ነህ? አጠገብህ ሰው አለ?» ብሎ መጀመር ነው። ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቆ የተቀመጠ ሰው ስለ ብልቱ ፈሳሽ ብትጠይቁት «የለም» ነው የሚላችሁ። መስመሩ ቢቋረጥ መልሶ የሚደወልበትን ቁጥር መያዝም አለ። መጨረሻ ላይ ደግሞ «የነገርኩህን መልሰህ ንገረኝ»። አንድ ተማሪ «ይሄማ ታማሚውን መፈተን ነው» ብሎ ተከራከረኝ። የሚፈተነው ግን የኛ አነጋገር ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በሀገራችን ሲገኝ 8335 ላይ ስትደውሉ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በዓለም ዙሪያ ብዙ ሐኪሞች በአንድ ጊዜ ወደ ስልክ ዞሩ፤ ተማሪዎች ግን ወደ ቤታቸው ተላኩ። በ2021 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር አንድ ሐኪም በርቀት ለማከም ሊኖሩት የሚገቡ ክህሎቶችን በስድስት ዘርፍ ከፍሎ አወጣ። ከስድስቱ አንዱ የታማሚ ደኅንነት ነው፤ የትኛው ጉዳይ በርቀት እንደማይታይ መለየትም እዚያው ውስጥ ነው። ለኔ ከሁሉም ከባዱ ይሄ ነው። የቪዲዮ አፑን ተማሪው በአምስት ደቂቃ ይለምደዋል።

ስለዚህ ሐኪም በስልክ «ይምጡ» ካላችሁ ሰንፎ ወይም ሊያስከፍላችሁ ፈልጎ ነው ብላችሁ አትቀየሙ። ብዙ ጊዜ ከዚያ ጥሪ የሚገኘው ትክክለኛው ሕክምና እሱ ነው። ለራሱ ያልደወለ ሰውም ስልኩን ለታማሚው ያቀብል፤ ውጭ ሀገር ያላችሁ ቤተሰቦች፣ በተለይ ለናንተ ነው። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ድንገት የአፍ መጣመም ወይም የአንድ ጎን መዛል ካለ ደግሞ ኢንቦክስ ላይ መልስ አትጠብቁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ እሱ ከዘገየ ባገኛችሁት መኪና ሂዱ።

የቆዳ ፎቶ የላካችሁልኝ፣ ቀን ላይ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፊልተር ደግማችሁ አንሱልኝ። አንድ ከቅርብ፣ አንድ ከራቅ፤ መጠኑን እንዳውቅ አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጡ። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል የምትሉኝም በአምፖል ብርሃን አልፈርድም፤ እሱን መጥታችሁ ታዩ።