ተረትና እውነታ፦ ኮንስትራክተር ውስጥ ማን ይቀድማል?

የጀማሪዎችን የሲ ፕላስ ፕላስ ኮድ ሳይ መጀመሪያ ዓይኔ የሚያርፈው ኮንስትራክተሩ ላይ ነው። የቀረው ሁሉ አምሮ ተጽፎ፣ ጣጣው እዚያች ጥቂት መስመር ውስጥ ተደብቆ ብዙ ጊዜ አግኝቸዋለሁ።

ተረት፦ ሜምበሮች ዋጋ የሚይዙት በኢኒሻላይዘር ሊስቱ ላይ በተጻፉበት ተራ ነው።

እውነታ፦ አይደለም። ተራውን የሚወስነው ክላሱ ውስጥ ዲክሌር የተደረጉበት ቅደም ተከተል ነው። አንድ ክላስ እንውሰድ፤ መጀመሪያ «ቋት» የሚባል ቬክተር፣ ከሥሩ «መጠን» የሚባል ኢንቲጀር አለው። ፕሮግራመሩ ኮንስትራክተሩ ላይ መጠንን 10 አድርጎ፣ ቀጥሎ ቋትን በመጠን ልክ እንዲከፈት ጽፏል። ሲያዩት ምንም እንከን የለውም። ሲሠራ ግን ቀድሞ የሚገነባው ቋት ነው። ያን ጊዜ መጠን ገና 10 አልሆነም፤ ሜሞሪው ላይ የተገኘ ማንኛውም ቁጥር ሊሆን ይችላል። ዜሮ ከገጠመው ቬክተሩ ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ ግዙፍ ቁጥር ከገጠመው ፕሮግራሙ ይወድቃል። እኔ ይህን ስህተት ሁለት ቀን ሙሉ ፈልጌዋለሁ፤ ላፕቶፔ ላይ ይሠራል፣ ሰርቨር ላይ ሲወጣ ይወድቃል። መፍትሔው ክላሱ ውስጥ ሁለት መስመር ማቀያየር ነበር።

ቋንቋው እንዲህ የሆነው በምክንያት ነው። ክላስ ብዙ ኮንስትራክተር ሊኖረው ይችላል፤ ዲስትራክተሩ ግን አንድ ነው፣ ሜምበሮቹም የሚፈርሱት ከተገነቡበት ተራ በተቃራኒው ነው። የግንባታው ተራ በየኮንስትራክተሩ ቢለያይ ኖሮ፣ እያንዳንዱ ኦብጀክት እንዴት እንደተሠራ መዝግቦ መያዝ ግድ ይሆን ነበር። ጂሲሲ «ዳሽ ዎል» በሚባለው አማራጭ ኮምፓይል ሲደረግ ተራው መዛባቱን ያስጠነቅቃል። እባካችሁ፣ ያን ማስጠንቀቂያ አይታችሁ አትለፉት።

ተረት፦ ኮንስትራክተሩ ውስጥ ገብቶ በእኩል ምልክት ዋጋ መስጠትም ያው ነው።

እውነታ፦ የኮንስትራክተሩ ቅንፍ ሲከፈት ሜምበሮቹ ተገንብተው አልቀዋል። ስትሪንግ ከሆነ መጀመሪያ ባዶውን ተሠርቶ፣ ኋላ ይሞላል፤ ሥራው ድርብ ነው። ኮንስት ወይም ሪፈረንስ ከሆነማ ጭራሹን ኮምፓይል አያደርግም።

ተረት፦ ዋጋ ያልተሰጠው ኢንቲጀር ዜሮ ነው።

እውነታ፦ ይህን ልማድ ብዙዎች ከጃቫ ይዘውት ይመጣሉ። ጃቫ ላይ ዋጋ ያልተሰጠው የክላስ ፊልድ በእርግጥም ዜሮ ወይም ነል ይሆናል። ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ ግን ፈንክሽን ውስጥ በተራ መንገድ የተፈጠረ ኦብጀክት ይህ ዋስትና የለውም። ከ2011 ስታንዳርድ ወዲህ ሜምበሩን ዲክሌር ሲያደርጉ እዚያው ዋጋ መስጠት ይቻላል፤ እኔ ለእያንዳንዱ ቁጥርና ፖይንተር ይህን ሳላደርግ አላልፍም።

ጃቫም ቢሆን የራሱ ወጥመድ አለው። የወላጁ ኮንስትራክተር፣ ልጁ ኦቨርራይድ ያደረገውን ሜተድ ከጠራ፣ የሚሠራው የልጁ ሜተድ ነው። ልጁ ፊልዱን ዲክሌር ሲያደርግ 5 ብሎት ከሆነ፣ ፋይናል ካልሆነ በቀር ሜተዱ የሚያነበው 0 ነው፤ የልጁ ፊልዶች ዋጋቸውን የሚይዙት የወላጁ ኮንስትራክተር ካለቀ በኋላ ነውና። ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ ቨርችዋል ሜተድ እንዲህ ሲጠራ የሚሠራው የወላጁ ነው፤ የልጁ ክፍል ገና አልተገነባም።