ያለንን መሣሪያ አውቀን እንጠቀምበት

ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ ከእኩለ ቀን ዘንበል ስትል ከተማው ጋብ ይላል። የመጋላ ነጋዴ ከሱቁ በር መለስ፣ የከዚራም ሰው ወደ ዛፉ ጥላ ጠጋ ይላል። ባለፈው ሰሞን እኛም እንዲሁ ከአንድ ወዳጃችን ጋራ በከዚራ ጥላ ሥር ተቀምጠን ስንጫወት፣ ወዳጃችን ስልኩን ከኪሱ አወጣና፦

«አቦ፣ ይኸ ስልክ አለቀለት! ጧት መቶ ሞልቼው የወጣሁት፣ ይኸው ስምንት ሰዓት ሳይሆን አሥራ አምስት ገብቷል። ሌላ ልገዛ ነው» አለን።

«ስንት ይሸጣል?» ብለን ብንጠይቀው፣ የነገረን ዋጋ ከሁለት ወር ደመወዙ የሚበልጥ ሆነ። ይህ ወዳጃችን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ ከያዘ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ የቤት ኪራይ አለበት፤ ለታናናሾቹም የሚልከው አለው። ስልኩን ተቀብለን ብንዳስሰው ገና ከምጣድ እንደ ወረደ ቂጣ ይፋጃል። ለካስ ወፍራም የቆዳ ከቨር ለብሶ፣ ቻርጀር ተሰክቶበት፣ ረፋዱን ሁሉ በቢሮው መስኮት ላይ በፀሐይ ሲጠበስ ኖሯል።

የዛሬው ጽሑፋችን ከዚሁ ጨዋታ የተነሣ ነው። እንደሚታወቀው፣ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ስልክና ኮምፒዩተር ደግሞ ከውጭ የሚመጡ ስለሆኑ ዋጋቸው አብሮ ወጥቷል። ስለዚህ ተማሪውና ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ አዲስ ከመግዛቱ በፊት «በእጄ ያለው መሣሪያ ምን ጎደለው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ለድሬዳዋ ልጅ ይህ እንግዳ ትምህርት አይደለም። ከተማይቱ በ1895 ዓ.ም. ምድር ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። የባቡሩም ትልቁ የጥገና ወርክሾፕ የተተከለው እዚሁ ነው። አባቶቻችን በዚያ ወርክሾፕ የተሰበረውን ብረት በቶርኖ እያዞሩ፣ የጠፋውን መለዋወጫ ራሳቸው እየሠሩ፣ ያረጀውን ሞተር ለብዙ ዘመን አስኪደውታል። እኛ ልጆቻቸው አንድ ባትሪ ደከመ ብለን መሣሪያውን ሁሉ መጣል አያምርብንም።

እንግዲህ ከባትሪው እንጀምር። በስልካችንና በላፕቶፓችን ውስጥ ያለው የሊቲየም ባትሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን፣ መሠረቱን የጣሉት ጉድኢናፍ፣ ዊቲንግሃምና ዮሺኖ እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። የዚህ ባትሪ ሁለት ጠላቶች ሙቀትና ሞልቶ ረጅም ጊዜ መቀመጥ ናቸው። በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ በግማሽ ገደማ ተሞልቶ አንድ ዓመት የተቀመጠ ባትሪ ከአቅሙ 96 በመቶ ያህሉን ይዞ ይቆያል። በ40 ዲግሪ ሙቀት መቶ በመቶ ተሞልቶ የተቀመጠው ግን በዓመቱ 65 በመቶ ገደማ ብቻ ይቀረዋል። አፕል የተባለው ኩባንያ ስልኮቹ ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለው አየር ውስጥ እንዲሠራባቸው ይመክራል። በድሬዳዋ ደግሞ በግንቦትና በሰኔ ቀኑ 35 ዲግሪን ማለፉ የተለመደ ነው። የወዳጃችን ስልክ ምን እንዳገኘው ከዚህ ይታያል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ስልክ በፀሐይ ፊት፣ በባጃጅ መስተዋት ሥር፣ በትራስም ሥር አይቀመጥ። ቻርጅ ሲደረግ ወፍራም ከቨሩ ይውለቅለት፤ በዚያም ሰዓት ጌም አይጫወቱበት። የሚቻል ሲሆን በ20ና በ80 በመቶ መካከል ይዋል፤ ብዙዎቹ የዛሬ ስልኮች 80 ላይ የሚያቆም ማስተካከያ ስላላቸው በቅንብሩ ውስጥ መፈለግ ነው። የጋለን ስልክ ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ መክተት ስሕተት ነው፤ በድንገት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ውሃ ይቋጥራልና። ባትሪው ካበጠ ደግሞ ወዲያው መተው እንጂ መውጋትም መጫንም አይገባም፤ እሳት ያስነሣል።

የኔትወርክም ነገር ከባትሪ ጋራ ይገናኛል። ስልክ ደካማ ኔትወርክ ባለበት ሥፍራ ጣቢያውን ለማግኘት ኃይሉን ስለሚጨምር ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ኔትወርኩን በመጀመሪያ የከፈተው በዚችው በድሬዳዋ ነው። እንግዲህ ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ያለው ሰው በቤቱና በቢሮው የትኛው መስመር እንደሚጠነክር አስተውሎ፣ ኢንተርኔቱን በዚያው ቢያደርግ ገንዘቡም ባትሪውም ይተርፍለታል።

ስለ ፓወር ባንክም አንድ ነገር እንበል። ብዙ ሰው 10,000 የሚል የተጻፈበትን ገዝቶ ባትሪው 5,000 የሆነውን ስልክ ሁለት ጊዜ ሳይሞላለት ሲቀር ተታለልሁ ይላል። ሁልጊዜ መታለል አይደለም። በላዩ የተጻፈው ቁጥር የውስጡን ባትሪ አቅም በ3.7 ቮልት የሚናገር ነው፤ ወደ ስልኩ የሚወጣው ግን በ5 ቮልት ስለሆነ በመለወጡ መካከል ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ከሞላ ደኅና ዕቃ ነው።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቮልቱ ከፍና ዝቅ ሊል ይችላልና፣ መብራት ሲጠፋ መሣሪያን መንቀል፣ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ጥሩ ልማድ ነው። በየቢሮው ስታቢላይዘርንና ዩ ፒ ኤስን አንድ አድርጎ ማየትም አለ። ስታቢላይዘር ቮልቱን ያስተካክላል፤ መብራቱ ሲሄድ ግን አብሮ ይሄዳል። ዩ ፒ ኤስ የራሱ ባትሪ ስላለው ሥራችንን አስቀምጠን ኮምፒዩተሩን በወጉ እንድንዘጋ ጊዜ ይሰጠናል። የሌዘር ማተሚያ ግን ብዙ ኃይል ስለሚስብ በዩ ፒ ኤስ ላይ አይሰካም።

አሁን ወደ ኮምፒዩተሩ እንለፍ። «ኮምፒዩተሬ አርጅቷል፤ ለመከፈት ሻይ ያስጠጣል» የሚል ሰው ብዙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያረጀው የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው። እሱን በኤስ ኤስ ዲ ቢያስቀይሩትና ራሙን ወደ 8 ጊጋባይት ቢያደርሱት ብዙ ዓመት የሠራ ላፕቶፕ እንደ አዲስ ይፈጥናል። የድሬዳዋ አቧራም አይረሳ፤ የማቀዝቀዣው ፋን በአቧራ ሲደፈን ኮምፒዩተሩ ይግላል፤ ሲግልም ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ አስከፍቶ በለስላሳ ብሩሽ ማስጠረግ ትልቅ ነገር ነው። ሌላው መታወቅ ያለበት፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማደሻ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማቆሙ ነው። ዊንዶውስ 11 የማይቀበለው አሮጌ ኮምፒዩተር ያለው ሰው እንደ ሊኑክስ ሚንት ያለውን ነጻ ሥርዓት ቢጭንበት፣ ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ገና ብዙ ያገለግለዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በመሣሪያው ውስጥ ያለው ሥራችን ነው። ይህን የተማርነው በራሳችን ላይ ደርሶ ነው። በመመረቂያችን ዓመት ጽሑፋችንን ሁሉ በአንድ ፍላሽ ላይ ይዘን ነበር። ፍላሹን የገዛነው በርካሽ ሲሆን በላዩ የተጻፈው አቅም ግን እጅግ ትልቅ ነበር። ልናሳትም ሄደን ስንከፍተው የፋይሎቹ ስም በቦታው አለ፤ ውስጣቸው ባዶ ነው። በኋላ እንደ ተረዳነው፣ እንዲህ ያለው ሐሰተኛ ፍላሽ በውስጡ ያለው ትንሽ ሆኖ ሳለ ለኮምፒዩተሩ ትልቅ ነኝ ብሎ እንዲናገር ተደርጎ የተሠራ ነው። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ የተቀረው የትም ይደፋል። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ከማስታወሻ ደብተራችን እያየን እንደ ገና ጻፍነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ ፍላሽ ወይም ሚሞሪ ካርድ ስንገዛ ሳንሞላውና የሞላነውን መልሰን ሳንከፍት አናምነውም። ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይህን ምርመራ ራሱ ያደርገዋል።

ሊቃውንቱ ደግሞ አንድ ሕግ አላቸው፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱም በሌላ ሥፍራ። ለምሳሌ አንዱ በላፕቶፑ፣ ሁለተኛው በውጭ ሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው በኢንተርኔት ማስቀመጫ ወይም በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ቤት ይሆናል። «ሌላ ሥፍራ» ማለት ለምን እንደሚያስፈልግ የድሬዳዋ ሰው አስረጂ አያሻውም። በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ከነቤታቸው ወስዷል። የሰው ሕይወት የሚተካ አይደለም፤ የሟቾች ፎቶግራፍና የቤተሰብ ሰነድ ግን ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ቤት ቢኖረው ለቀሩት መጽናኛ በሆነ ነበር።

በመጨረሻም ስለ ቋንቋችን ጥቂት እንበል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ፣ በዚሁ ሥርዓት ድሬዳዋ ላይ የተጻፈ አማርኛ ጎንደርም ዋሽንግተንም ሳይበላሽ ይነበባል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ጉግል በድምፅ መጻፍን ለአማርኛ ከፍቷል። እንግዲህ አማርኛን በላቲን ፊደል እያጣመሙ መጻፍ ስንፍና እንጂ ችግር አይደለም። የስብሰባ ቃለ ጉባዔ የሚጽፍ ወጣት ሠራተኛ ለስልኩ በአማርኛ ቢናገርና ጥቂት ቢያርመው፣ የአንድ ሰዓት ሥራ በሩብ ሰዓት ሊያልቅለት ይችላል።

ወዳጃችንስ? አዲስ ስልክ መግዛቱን ተወ። ባትሪውን አስቀየረ፤ የከፈለውም ሊገዛው ካሰበው ስልክ ዋጋ አንድ አሥረኛ አልሞላም። የቆዳ ከቨሩንም ጥሎ ስልኩን ከመስኮቱ ወደ ጠረጴዛው ጥላ አዛወረ። ትናንት አመሻሹ ላይ ሲደውልልን የመጀመሪያ ቃሉ «አርባ ሁለት ላይ ነኝ!» የሚል ነበር። ከተረፈው ገንዘብ ለታናሽ እኅቱ የትምህርት ቤት ክፍያ መላኩንም ጨምሮ ነገረን።

አንባቢዎቻችንም ዛሬ እሑድ ነውና ከምሳ በኋላ ግማሽ ሰዓት ብቻ ወስዳችሁ፣ የባትሪውን ማስተካከያ ፈልጉ፤ የፍላሻችሁን እውነተኛ አቅም መርምሩ፤ የሚያሳስባችሁን ጽሑፍም ሁለተኛ ቅጂ አድርጉለት።