ዓሣ ማስገር በጣና ሐይቅ

ዓሣ ማስገር በጣና ሐይቅ በባሕር ዳር፣ በጎርጎራና በሐይቁ ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች የሚካሄድ መተዳደሪያ ነው። ሐይቁ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎሜትር ስፋት ሲኖረው ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 14 ሜትር ያህል ነው። በብዛት የሚሰገሩት ቆሮሶ፣ አምባዛና የተለያዩ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ናቸው። በጾም ወራት የዓሣ ፈላጊው ቁጥር ስለሚጨምር ገበያው ይደራል።

ጀልባና መሣሪያ

የጥንቱ መጓጓዣ ታንኳ ነው። ታንኳ የሚሠራው በሐይቁ ዳርቻ ከሚበቅለው ደንገል ሲሆን፣ በሙያው በተለይ የወይጦ ማኅበረሰብ ይታወቃል። ደንገል ቀላልና ተንሳፋፊ ነው፤ ነገር ግን ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ታንኳው ከሥራ በኋላ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ሲበሰብስም በአዲስ ይተካል። ስለዚህ በታንኳ የሚሠራ አስጋሪ ከዳርቻው ብዙ አይርቅም።

እ.ኤ.አ. በ1986፣ ማለትም በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ በኔዘርላንድ ድርጅቶች ድጋፍ ባለ ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ። ያን ጊዜ ሩቁ የሐይቁ ክፍልና የወንዞቹ መግቢያ ሁሉ በአንድ ቀን የሚደረስበት ሆነ።

ይህ መረብ ከላይ ተንሳፋፊ፣ ከታች ክብደት ታስሮበት ውኃው ውስጥ እንደ አጥር ይቆማል። ብዙ ጊዜ ማታ ተዘርግቶ ጧት ይነሣል። ዓሣው ጭንቅላቱን በመረቡ ዓይን ካስገባ በኋላ ወደ ኋላ ልመለስ ሲል ክሩ ስንጥቡ ላይ ይይዘዋል። ትንሹ ዓሣ ሾልኮ ያልፋል፤ በጣም ትልቁ ደግሞ ጭንቅላቱ ስለማይገባ ብዙ ጊዜ ያመልጣል። እንግዲህ መረቡ እንደ ወንፊት ነው፤ የሚይዘውን መጠን የሚወስነው የዓይኑ ስፋት ነው። ከዚህ ሌላ መንጠቆም በሥራ ላይ ይውላል።

የወንዝ መግቢያው ችግር

በጣና ብቻ የሚገኙ 15 የሚሆኑ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ከአንድ ሐይቅ ይህን ያህል መገኘቱ በዓለም ብርቅ ነው። ከእነዚህ ቢያንስ ሰባቱ በክረምት ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይን ወደመሳሰሉ ወንዞች ወጥተው፣ ጠጠር ባለበት ንጹሕ ፈሳሽ ውኃ ላይ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። ከመውጣታቸው በፊት ወንዙ ሐይቁን በሚገናኝበት ጠባብ ቦታ ይሰበሰባሉ። መረብ እዚያ ሲዘረጋ የሚያዙት በዕንቁላል የተሞሉ እናቶች ናቸው።

ሰፊ ዓይን ያለው መረብ ብቻ ይፈቀድ ማለት እዚህ ላይ ብዙም አይረዳም። ሰፊው ዓይን ጫጩቱን አሳልፎ እናቲቱን ይይዛልና። የሚጠቅመው ቦታውንና ወቅቱን መዝጋት ነው። ቆሮሶ ግን በሐይቁ ዳርቻ የሚራባና እናቲቱ ዕንቁላሉን በአፏ የምትይዝ ስለሆነ በዚህ መንገድ አይጠቃም።

ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2000 ገደማ የሰበሰቡትን ናሙና ሲያነጻጽሩ፣ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ብዛት ወደ ሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱን አገኙ። በወንዞቹ ላይ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ መበተንም ጉዳቱን ያባብሳል። ፍሬው የዓሣውን መተንፈስ ስለሚያውክ ትልቁንም ጫጩቱንም ሳይለይ ያንሳፍፋል።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከነጠላ ፕላስቲክ ክር የተሠራ ርካሽ መረብ ተስፋፍቷል። ክሩ ውኃ ውስጥ ስለማይታይ ብዙ ይይዛል፣ ቶሎም ይቀደዳል። ተቀዶ የተጣለው አይበሰብስም፤ ባለቤት ሳይኖረው ዓሣ መያዙን ይቀጥላል።

ሕግ

የፌዴራል የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው ሀብቱን ለመጠበቅ ነው። ቁጥጥሩ ግን ቀላል አይደለም፤ የመራቢያው ወቅት ዝናብ የሚበዛበትና መንገዱ ጭቃ የሚሆንበት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ መታየቱ የተመዘገበው እምቦጭም በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ጀልባና መረብ እያገደ አስጋሪዎችን ከለመዱት ቦታ ያርቃል።