«ውጤት» እና «ተመላሽ እሴት»፦ ስለ ሲ የግብአትና የውጽአት ፈንክሽኖች ስያሜ

ለአንድ የሙያ ጽንሰ ሐሳብ የአማርኛ ስያሜ ስንፈልግ በቅድሚያ የምንጠይቀው፣ ነገሩ ከጎረቤቶቹ በምን ይለያል የሚለውን ነው። በሲ የፕሮግራም ቋንቋ አንድ ፈንክሽን ተግባሩን ሲፈጽም፣ ለጠራው የፕሮግራም ክፍል የሚያስረክበው ነገር ይኖራል። ይህን «ውጤት» ማለት ለጆሮ ይቀላል፤ ዳሩ ግን ቃሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃል።

ለምሳሌ ያህል ፕሪንትኤፍ የተባለውን ፈንክሽን እንውሰድ። በማሳያው ላይ የሚወጣው ጽሑፍ ውጽአቱ ነው። ለጠሪው የሚመልሰው ግን የወጡትን ባይቶች ብዛት የሚገልጽ ቁጥር ሲሆን፣ ስሕተት ቢፈጠር አሉታዊ ቁጥር ይመልሳል። እዚህ ላይ «የፊደል ብዛት» ብለን ብንተረጉም አንባቢን እናሳስታለን። «ሰላም» የሚለው ቃል 3 ፊደላት አሉት፤ ነገር ግን በዩቲኤፍ-8 ሥርዓት ከተጻፈ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ ፈንክሽኑ የሚመልሰው 9 ነው።

ስካንኤፍ ደግሞ የሚመልሰው ያነበበውን ቁጥር ሳይሆን፣ በተሳካ ሁኔታ አንብቦ በየቦታቸው ያኖራቸውን ነገሮች ብዛት ነው። ሁለት ቁጥሮች እንዲያነብ ታዝዞ «12 ሀ» ቢቀርብለት 1 ይመልሳል። የመጀመሪያው ራሱ ቁጥር ካልሆነ ምላሹ 0 ነው፤ አንዳች ሳያነብ ግብአቱ ቢያልቅ ኢኦኤፍ የተባለውን አሉታዊ ቁጥር ይመልሳል። ይህን ምላሽ ያላየ ፕሮግራም ያልተነበበውን እንደተነበበ ቆጥሮ ሥራውን ይቀጥላል።

ጌትቻር አንድ ባይት ያነባል፤ የሚመልሰው ግን በኢንቲጀር ዓይነት ነው። ምክንያቱም ባይት ሊይዛቸው ከሚችላቸው እሴቶች ሁሉ ሌላ፣ የግብአቱን ማለቅ የሚያመለክተው ኢኦኤፍም ቦታ ያስፈልገዋል። ምላሹ በቻር ዓይነት ውስጥ ከተቀመጠ እንደ ኮምፒዩተሩ ዓይነት ከሁለት ስሕተቶች አንዱ ይደርሳል፦ ወይ 255 የሆነ ባይት እንደ ፍጻሜ ይቆጠራል፤ ወይም ፍጻሜው ፈጽሞ ሳይታወቅ ንባቡ ያለ ማቋረጥ ይቀጥላል።

ስለሆነም ለሚወጣው ጽሑፍ «ውጽአት»፣ ለጠሪው ለሚመለሰው ደግሞ «ተመላሽ እሴት» የሚሉትን ስያሜዎች እናቀርባለን። «ዋጋ» የሚለው ገበያን ስለሚያስታውስ «እሴት»ን መርጠናል። ከግእዙ «ገብአ» ሌላ ቃል ማውጣትም አይቻል አልነበረም፤ ግሱ «ገባ» እና «ተመለሰ» የሚሉትን ሁለቱንም ፍችዎች ይዟልና። ይሁን እንጂ «ግብአት» ከዚሁ ሥር ወጥቶ ለሌላ ጉዳይ ስለዋለ፣ ከ«መለሰ» የወጣውን «ተመላሽ» መያዙ ይሻላል። «ተመላሽ ገንዘብ» ወደ ሰጪው እንደሚመለስ ሁሉ፣ ተመላሽ እሴትም ወደ ጠሪው ይመለሳል። ተማሪው ሁለቱን በስም ከለየ፣ በማሳያው የታየውን ብቻ አይቶ ሥራው ተሳክቷል ከማለት ይድናል።