ከቦሌ ዳለስ፦ መሄጃው ከመመለሻው ለምን ይረዝማል?

መንገዱ ያው ነው፤ ታዲያ ስንሄድ 17 ሰዓት ገደማ፣ ስንመለስ 13 ሰዓት ያህል የሚፈጀው ለምንድን ነው? ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የሚመላለስ ሰው ሁሉ ይህን ይጠይቃል። የሚሰጠው መልስ ግን ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው።

«በደብሊን ስለሚዞር ነው» ይባላል። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ አየርላንድ ወደ ሰሜን ርቃ ስለምትታይ ነገሩ እውነት ይመስላል። ምድር ግን ክብ ናት። ሉል ላይ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ክር ብትወጥሩ፣ ክሩ በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ አድርጎ፣ ስፔንንና ፖርቱጋልን ተሻግሮ አትላንቲክ ላይ ይወጣል። ይህ አጭሩ መስመር 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደብሊን ሲኬድ 11,830 ይጠጋል። ልዩነቱ 300 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ለጄት የ20 ደቂቃ መንገድ ነው። ካርታው ላይ ቀጥ ብሎ የሚታየው፣ በቻድና በሞሪታኒያ የሚያልፈው መስመር ግን 12,000 ኪሎ ሜትር ያልፋል።

ሌላው «የእኛ አውሮፕላን ያን ያህል ርቀት አይችልም» የሚለው ነው። ይህን ስሰማ ቅር ይለኛል፤ ያው አውሮፕላን ሲመለስ የትም ሳያርፍ ቦሌ ይገባልና። ምክንያቱ ያለው ከቦሌ ከፍታ ላይ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል፤ የዋሽንግተኑ አየር ማረፊያ ዳለስ ደግሞ 95 ሜትር ላይ። ቦሌ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ሞተሩ የሚስበው አየር ያንሳል፣ ክንፉን የሚያነሳውም እንዲሁ። አውሮፕላኑ ለመነሳት የበለጠ መፍጠን፣ ረዘም ላለ ርቀትም መንደርደር አለበት። ማኮብኮቢያው ግን ማለቂያ አለው፣ ጎማውም ከተወሰነለት ፍጥነት አያልፍም። ስለዚህ ክብደት መቀነስ ግድ ይሆናል። ሰውና ዕቃ ከማስቀረት ነዳጅ ቀንሶ መነሳትና መንገድ ላይ መቅዳት ይመረጣል፤ በተለያዩ ዓመታት በሮምና በደብሊን የተደረገውም ይኸው ነው። ተሳፋሪው ቀበቶውን ፈትቶ ነዳጅ እስኪቀዳ የሚጠብቀው፣ ለማረፍና እንደገና ለመነሳት የሚባክነው ጊዜ ነው መሄጃውን የሚያስረዝመው።

ነፋስም ድርሻ አለው። «ምድር ወደ ምሥራቅ ስለምትሽከረከር ወደ ምዕራብ የሚበረው ቶሎ ይደርሳል» የሚሉ አሉ፤ አየሩም አብሮ ስለሚሽከረከር ይህ አይሠራም። እንዲያውም ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ። ሲሄዱ ይጋፈጣል፣ ሲመለሱ ይገፋል፤ በብርዱ ወራት ደግሞ ይበረታል።

ትኬት ላይ መነሻው 22:30፣ መድረሻው 08:00 ተብሎ ሲታይ «9 ሰዓት ተኩል ብቻ» የሚሉም አሉ። ሁለቱም በየአገሩ ሰዓት የተጻፉ ናቸው። ዋሽንግተን በብርዱ ወራት በ8 ሰዓት፣ ከመጋቢት መግቢያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። በብርዱ ወራት 8 ሲደመርበት 17 ሰዓት ተኩል ይመጣል። 22:30 ማለትም በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4:30 ነው።