በከተማ እምብርት የሚገኝ አጥቢያ ለማኅበረሰቡ የሚሰጠው ድጋፍና የመልሶ ማልማት አንድምታው

በአዲስ አበባ ከተማ በአራዳ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል በአብዛኛው ስሙ የሚነሣው ከታሪክ ጋር ተያይዞ ነው። ዳግማዊ አጼ ምኒልክ ከአድዋ ድል በኋላ ያሠሩት ይህ ባለ ስምንት ማዕዘን ሕንፃ ንግሥት ዘውዲቱ በየካቲት ወር 1909 ዓ.ም፣ ቀዳማዊ አጼ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም ዘውድ የደፉበት ሥፍራ ነው። በፋሽስት ወረራ ዘመን በ1929 ዓ.ም በእሳት ተቃጥሎ፣ ከነጻነት በኋላ ታድሶ ለአገልግሎት በቅቷል።

ይሁንና ካቴድራሉ ቅርስ ብቻ ሳይሆን አጥቢያም ነው። እንደማንኛውም አጥቢያ በዙሪያው የሚኖሩ ምእመናንን ክርስትና ያነሣል፣ ያጋባል፣ ያጽናናል፣ ሲያርፉም ጸሎተ ፍትሐት ያደርሳል። በከተማ እምብርት የሚገኝ አጥቢያ ለማኅበረሰቡ የሚሰጠው ድጋፍ በምን መንገድ እንደሚከናወንና አካባቢው ሲለወጥ ምን እንደሚገጥመው መገንዘብ፣ በማኅበራዊ ጉዳይና በቤቶች ልማት ሥራ ላይ ለተሠማሩ የመንግሥት ሠራተኞች ጠቀሜታው የጎላ ነው።

በመሀል ከተማ የሚገኝ ቤተ ክርስቲያን የሚያስተናግደው ሕዝብ በሦስት ሊከፈል ይችላል። የመጀመሪያው በአካባቢው የሚኖረውና የአጥቢያው አባል የሆነው ነው። ሁለተኛው ወር በገባ በ23፣ ይልቁንም ሚያዝያ 23 ቀን በሚውለው ዓመታዊ ክብረ በዓል ከልዩ ልዩ የከተማዋ አቅጣጫዎች የሚመጣው ምእመን ነው። ሦስተኛው ደግሞ በቅጥሩ ደጃፍ ምጽዋት የሚጠብቀው ነዳይ ነው። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞች፣ ሕሙማንና ሥራ ፍለጋ ከገጠር መጥተው መጠጊያ ያጡ ወገኖች ናቸው።

ለእነዚህ ወገኖች የሚደረገው ድጋፍ በአንድ መሥሪያ ቤት የሚመራ ፕሮግራም ሳይሆን ከልዩ ልዩ ልማዶች የተገነባ ነው። ከእነዚህም አንዱ ሰንበቴ ነው። የሰንበቴ አባላት በየተራቸው ዳቦና ጠላ አዘጋጅተው ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በሚገኘው የሰንበቴ ቤት በአንድነት ይመገባሉ፤ ከተዘጋጀውም ለነዳያን ያካፍላሉ። የጽዋ ማኅበር ደግሞ በየወሩ በአንድ ቅዱስ መታሰቢያ ቀን በአባላቱ ቤት በተራ የሚካሄድ ነው። በሁለቱም ዘንድ ከአባላቱ አንዱ የቀረ እንደሆነ ለምን እንደቀረ ይጠየቃል፤ ታሞ ከሆነ ይጎበኛል፤ ተቸግሮ ከሆነ ይረዳል። ዝክርና ተዝካርም በተመሳሳይ ሁኔታ ለድሆች ምግብ የሚደርስባቸው መንገዶች ናቸው።

ሌላው የንስሐ አባት ነው። አንድ ካህን የንስሐ ልጆቹን ቤት ድረስ እየሄደ ስለሚጎበኝ፣ ጧሪ ያጣችውን እናት፣ ሥራ የፈታውን አባት፣ ትምህርቱን ያቋረጠውን ልጅ ከማንም አስቀድሞ ያውቃል። ይህ ዕውቀት በመዝገብ የሰፈረ ባይሆንም፣ ችግረኛውን ከደጃፍ ላይ ሳይሆን ገና ቤቱ ሳለ ለመለየት የሚያስችል በመሆኑ ዋጋው ከፍተኛ ነው።

እነዚህን ልማዶች በአስተዳደር የሚያያይዘው ሰበካ ጉባኤ ነው። በ1967 ዓ.ም የወጡት የገጠር መሬትን እንዲሁም የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረጉ አዋጆች ቤተ ክርስቲያኒቱ ለዘመናት ትተዳደርበት የነበረውን የመሬትና የኪራይ ገቢ አስቀርተዋል። በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና በ1965 ዓ.ም የወጣው ቃለ ዓዋዲ የተሰኘው ደንብ ያቋቋመው የሰበካ ጉባኤ አደረጃጀት በዚህ ወቅት የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋነኛ የህልውና መሠረት ሆኗል። በዚህ አደረጃጀት ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአንድ ጉባኤ ተወክለው አጥቢያውን ያስተዳድራሉ። የምእመናን የአባልነት መዋጮ፣ ሙዳየ ምጽዋትና ስእለት የአጥቢያው ገቢ ሲሆኑ፣ በርካታ የአዲስ አበባ አጥቢያዎች ሱቆችን በማከራየትም ገቢያቸውን ያጎለብታሉ።

ከዚህ ለመገንዘብ እንደሚቻለው የአጥቢያው የመርዳት ዐቅም በሁለት ነገሮች ላይ የተመሠረተ ነው፤ አንደኛው ገንዘብ፣ ሁለተኛው ቅርበት ነው። ገንዘቡን በወርኃዊው በዓል ከሩቅ የሚመጣው ምእመን ሊሸፍነው ይችላል። ቅርበቱን ግን ሊተካው አይችልም። ሕመምተኛን የሚጠይቅ፣ ለአረጋዊት እናት ውኃ የሚያመጣ፣ ሌሊት በሩን የሚያንኳኳ ጎረቤት ብቻ ነው።

በአሁኑ ወቅት ትኩረት የሚሻው ጉዳይም ይኸው ነው። በ2016 ዓ.ም በተከናወነው የኮሪደር ልማትና መልሶ ማልማት የፒያሳና የዶሮ ማነቂያ አካባቢ ነዋሪዎች ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ተዛውረዋል። ከካቴድራሉ አቅራቢያ የተገነባው የአድዋ ድል መታሰቢያም በየካቲት ወር 2016 ዓ.ም ተመርቋል። አካባቢው አዲስ ገጽታና ብዙ ጎብኚ አግኝቷል። በአንጻሩ አብረው ለበርካታ ዓመታት የኖሩ ጎረቤታሞች ወደ ተለያዩ ሠፈሮች ሲሄዱ ሰንበቴያቸው፣ ጽዋቸውና እድራቸውም አብሮ ይፈተናል። ቤት የተሰጠው አረጋዊ ከቀድሞው የተሻለ ቤት ሊያገኝ ይችላል፤ ለሰንበቴው ለመምጣት ግን የትራንስፖርት ወጪ ይጠብቀዋል፤ በአዲሱ ሠፈር ደግሞ ችግሩን የሚያውቅለት ሰው ገና አላፈራም።

የመንግሥት አካላት በዚህ ረገድ ሊኖራቸው የሚገባው ሚና በሕግ ማዕቀፍ የተወሰነ ነው። የኢፌዲሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። በ2011 ዓ.ም የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113ም የሃይማኖት ተቋማትን፣ እድርና እቁብን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጪ አድርጓቸዋል። በመሆኑም ሰንበቴን በመመሪያ ማቋቋም ወይም የአጥቢያን ምጽዋት በዕቅድ መምራት የመንግሥት ሥራ አይደለም።

ነገር ግን ሳይፈርስ ሊቆይ የሚችለውን ማኅበራዊ ትስስር ባለማወቅ ከመበተን መቆጠብ የአስተዳደር ሥራ ነው። ለምሳሌ ነዋሪዎች ሲዛወሩ የአንድ እድር አባላትና የቀድሞ ጎረቤታሞች በተቻለ መጠን በአንድ አካባቢ እንዲሰፍሩ ማድረግ፣ የሚነሡበትን ቀን አስቀድሞ ማሳወቅ፣ ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን ስም ዝርዝር ለተቀባዩ ወረዳ ማስተላለፍ የሕግ ለውጥ የማይጠይቁ ተግባራት ናቸው። በ2009 ዓ.ም አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሕሙማን ቀጥታ ድጋፍ የሚሰጥ እንደመሆኑ፣ ተረጂዎችን በመለየቱ ሂደት በአካባቢው የሚያውቃቸው ሰው ምስክርነት ወሳኝ ነው። ይህን ምስክርነት ለመስጠት የንስሐ አባቱም ሆነ የእድር ዳኛው ቅርብ ናቸው።

ጉዳዩ የአንድ እምነት ተከታዮች ብቻ አይደለም። በዚያው በፒያሳ አካባቢ የሚገኘው ኑር መስጊድም በዘካና በሶደቃ አማካይነት ለችግረኞች የሚደርስበት የራሱ ሥርዓት ያለው ማኅበረሰብ መሰብሰቢያ ነው። ስለዚህ ከወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የሚጠበቀው ሁሉንም ቤተ እምነቶች በእኩልነት ማየትና ከሁሉም መረጃ መቀበል ይሆናል።

መንገድ፣ መብራትና የእግረኛ መተላለፊያ በዕቅድና በበጀት በአጭር ጊዜ ሊገነቡ እንደሚችሉ በተግባር ታይቷል። አንድ አረጋዊ ከቅዳሴ የቀረበትን እሑድ ቆጥሮ ቤቱ ድረስ የሚሄድ ጎረቤት ግን በበጀት አይተካም። የመልሶ ማልማት ዕቅድ ሲዘጋጅ ከሚነሡት ቤቶች ብዛት ጎን ለጎን በውስጣቸው ያሉት ሰንበቴዎች፣ ማኅበራትና እድሮች ቢቆጠሩ፣ ነዋሪው ወደ አዲሱ ሠፈር ከቤት ዕቃው ጋር ደጋፊውንም ይዞ መሄድ ይችላል።